እናቴ፣ ባቡሩና የመንገድ ፍቅር

በእናቴ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ ጥቂት ቢያልፍ ነው። «ባለቤታቸው በሞት ከተለዩአቸው በኋላ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ብዙ እንግልትና መከራ የተቀበሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ከዚያም የልጆቿና የልጅ ልጆቿ ቍጥር ተከተለ። ሐሰት የለበትም። እንግልቱም፣ መከራውም፣ እኛም ነበርን። ሆኖም እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአገራችን ለሚሞቱ እናቶች ሁሉ ስሙ ብቻ እየተለወጠ የሚነበብ እስኪመስል ድረስ አንድ ዓይነት ነው፤ እናት የምትመሰገነው በተሸከመችው ልክ እንጂ በወደደችው ነገር አይደለም። እናቴ ግን መንገድ ትወድ ነበር። ችግር ባያስወጣትም ትወጣ እንደነበር አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም የቀብሩ ወረቀት የዘለለው ይኸው ስለሆነ ነው።

የተወለደችው ሚንጃር ነው፤ እሷ እንደምትለው «በጣሊያን መውጫ»፣ ማለትም በ1933 ዓ.ም. ገደማ። ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ለአንድ ባለ ብዙ ጥማድ ገበሬ ልጅ ታጨች። ስለ እጮኛዋ ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ «ደኅና ልጅ ነበር ይሉኛል፣ እኔ ግን አላየሁትም» ከማለት በቀር። ሠርጉ ሲቃረብ ከአያቷ ያገኘችውን የብር መስቀል ሸጠች፤ ለገበያተኞች ተቀላቅላም ቁልቁል ወደ ሞጆ ወረደች። ባቡር አይታ አታውቅም ነበር። ትኬት ቆራጩ ፊት ያላትን ገንዘብ ዘርግታ «ይኼ የት ያደርሰኛል?» ብላ ጠየቀችው፤ ሰውየው ቆጠረና «አዋሽ» አላት። እኛ ልጆቿ ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁልጊዜ የምንጠይቃት «አልፈራሽም?» እያልን ነበር፤ የእሷ መልስ ግን ስለ ፍርሃት ሳይሆን ስለ መስኮቱ ነበር፤ መተሐራ አጠገብ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የበሰቃ ሐይቅ፣ ከግመሎቻቸው ጋር ቆመው የሚመለከቱት ከረዩዎች። አንድ ሰው ከቤቱ በጠፋበት ቀን መልክዓ ምድር ልብ ብሎ ካየ፣ ያ ሰው የሸሸ ብቻ አይደለም፤ የሄደም ነው።

አዋሽ ጣቢያ ላይ ለመንገደኞች የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ በመስኮት ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጋር ተጠግታ ቆየች። የንግድን ሀሁ የተማረችው እዚያ ነው፤ ባቡሩ ቆሞ እስኪነሣ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ መሸጥ፣ መልስ መስጠትና ብርጭቆ ማስመለስ ይኖርባታል። ብርጭቆ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ እንደማይጠፋ፣ እሱንም ከአለባበሱ ለይታ ማወቅ እንደምትችል ትናገር ነበር። (ዘዴውን ለማንኛችንም አልነገረችንም።) በዓመቱ የዚያኑ ባቡር ቀሪ መንገድ ተሳፍራ ድሬዳዋ ገባች።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሠራች ከተማ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ይሁንና ተራራውን መውጣት ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ቆሙ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተወለደች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ ምክንያት 784 ኪሎ ሜትር በሚሆነው መንገድ ላይ ድሬዳዋ የሁሉ መገናኛ ሆነች፤ የጥገናው ወርክሾፕ እዚያ፣ ፈረንሳይኛ የሚቀላቅሉት የባቡር ሠራተኞች እዚያ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩና አርመኑ እዚያ። በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን የከዚራ ቀጥ ያሉ ባለ ዛፍ ጥላ መንገዶች፣ በሌላው ወገን የመጋላ ጠባብ ጉራንጉሮችና የቀፊራ ገበያ ነበሩ። አገር ቤት «የማን ልጅ ነሽ?» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ሁሉም መጤ በሆነበት ከተማ ይህን የሚጠይቃት አጥታ በጣም እንደ ተደሰተች ደጋግማ ነግራናለች።

አባታችንን ያገኘችው እዚያ ነው። በባቡሩ ወርክሾፕ በያጅ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ከሥራ ሲመለስ እጁን በአሸዋ የሚያጥብ ሰው። ስለ እሱ ብዙ አላስታውስም። በ1964 ዓ.ም. በአጭር ሕመም ሲሞት ታላቅ እህቴ ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ከአራታችን የመጨረሻው እኔ ጡት ከጣልኩ ብዙ አልቆየሁም ነበር።

የዕድሩ ሴቶች እንጀራ ጋግራ እንድትሸጥ መከሯት። የተከበረ፣ ከቤት የማያወጣ ሥራ ነው። እናቴ ምክሩን አመስግና ተቀበለች፤ በወሩ ግን ቲማቲምና ሽንኩርት በዘንቢል ሞልታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣች። እዚህ ላይ ነው ከቀብሩ ወረቀት ጋር የምለያየው። ለልጆቿ ዳቦ ፍለጋ ከሆነ እንጀራው ይበቃ ነበር፤ ከጎረቤቶቻችን መካከል በእንጀራ ብቻ ስድስትና ሰባት ልጅ ያስተማሩ ሴቶች ነበሩ።

ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ነገር ግን ሺኒሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻንና ደወሌን እያቋረጠ የሚያልፈው በሚነድ ምድረ በዳ ውስጥ ስለሆነ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚቆጠረው የተጠጣው ውኃ ነበር። ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ገና በፈረንሳይ እጅ ናት፤ ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ አጥር አጥረው መግቢያውን ይቈጣጠሩ ነበር። እናቴን በዚያ አጥር ያሳለፈቻት በባቡሩ ላይ የተዋወቀቻት አንዲት የኢሳ ሶማሌ ሴት ናት። እኛ «ኤዶ» እያልን ነው ያደግነው፤ አክስት ማለታችን ነው። ሁለቱ የንግድ ሸሪክ ሆኑ፣ ከዚያ ጓደኛ፣ ከዚያ እናቴ ከገዛ እህቶቿ ይልቅ የምታምናት ሰው። እናቴ በሶማልኛ ትከራከር፣ በኦሮምኛ ትቀልድ፣ ስትናደድ ግን ወደ ሚንጃር አማርኛዋ ትመለስ ነበር፤ ኤዶም ያንን ስድብ ብቻ ጥርት አድርጋ ተምራዋለች።

ሲሄዱ አትክልት፣ ሲመለሱ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ። የንግዱን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኮንትሮባንድ ነው፤ እሷም ሌላ ስም አልሰጠችውም። አንድ ቀሚስ ለብሳ የሄደች ሴት አምስት ቀሚስ ደርባ ትመለሳለች፤ ያውም በአይሻ ሙቀት። ባቡሩ ከተማ ከመግባቱ በፊት ሺኒሌ አካባቢ ሲቀንስ ከመስኮት የሚወረወር ጥቅል፣ ከሥር የሚቀበል የሠፈር ጎረምሳ፣ በላይ ደግሞ ወንበር ሥር የሚፈትሽ ፊናንስ፣ ማለትም የጉምሩክ ጠባቂ፣ ነበር። እናቴ ስለ ፊናንሶቹ ስታወራ ጥላቻ አልነበራትም፤ «እነሱም ሥራቸው ነው፣ እኛም ሥራችን» ትል ነበር። ዕቃ ሲወሰድባት አንድ ቀን ታኮርፋለች፤ በማግስቱ እቍብ ጸሐፊው ዘንድ ሄዳ ዕጣዋ እንዲቀድምላት ትለምናለች። አንዳንድ ማታ ደግሞ የጉዞውን ታሪክ ትተርክልናለች፤ ድምፅ እየለወጠች፣ ፊናንሱንም፣ ወፍራሟን ነጋዴም፣ የሚያለቅሰውንም ሕፃን ራሷ እየሆነች። መከራ የተቀበለ ሰው እንደዚያ አይተርክም። የተዝናና ሰው እንጂ።

በ1969 ዓ.ም. ግን የሚተረክ ነገር ጠፋ። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ድልድዮቹ ፈረሱ፤ ባቡሩ ቆመ። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ዳርቻ ደረሰ፤ መድፉ ሲጮህ እናቴ የአልጋ ፍራሾችን ግድግዳ ላይ አቁማ እኛን ከሥር አስቀመጠችን። በዚያን ሰሞን ሶማልኛ መናገር ብቻ ሰውን የሚያስጠረጥር ነገር ነበር፤ የኤዶ ሁለት ሴቶች ልጆች ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሰነበቱ። ማን ናቸው ላለ ሁሉ መልሷ አጭር ነበር፦ «የእህቴ ልጆች ናቸው።» አንድ የሠፈር ሰው ሊከራከራት ሲሞክር በር ላይ ቆማ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ስለዚህ ቀን ስታወራ ድምፅ አትለውጥም ነበር፤ በጥቅሉ ስለ ጦርነቱ የምትናገረው ጥቂት ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ከእሷ የበለጠ ልናገር አልፈልግም።

መስመሩ ተጠግኖ ባቡሩ ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች መካከል ነበረች። በኋላ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ መስመርም መለሰች፤ የጅቡቲውን ልብስ መርካቶ ማድረስ የተሻለ ያተርፍ ነበርና። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ያለውን ኩርባ በፍጥነት ሲዞር ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት መንደር አልነበረም። እናቴ የዚያን ዕለት ያልተሳፈረችው የእቍብ ቀን ስለነበረ ብቻ ነው፤ አብረዋት ከሚነግዱት ሴቶች መካከል ግን የቀበረቻቸው አሉ። ከቤት ወደ ቤት ለቅሶ ስትደርስ ሰነበተች፣ ጥቁር ለበሰች፣ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። ከዚያ ሻንጣዋን አወረደች።

ታላቅ እህቴ በሩን ዘግታ ቁልፉን ያዘች። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር በደንብ አስታውሰዋለሁ። «ልጆች አሉሽ» አለቻት። እናቴ «ሐዲዱ እኮ ምን አደረገ?» አለች። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ፤ በመጨረሻ እህቴ ቁልፉን መሬት ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እናቴም አንሥታ በሩን ከፈተች። በአዋሽ ድልድይ ላይ ስታልፍ ዓይኗን ጨፍና ከሟቾቹ መካከል የምታውቃቸውን በስም እየጠራች ጸሎት ታደርስ እንደነበር የነገረችን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፈርታ ነበር ማለት ነው፤ ፍርሃቷ ግን ቤት የሚያስቀምጣት ዓይነት አልነበረም።

የእህቴን ነገር እንዲሁ ማለፍ አልችልም። እናቴ መንገድ ላይ ስትሆን ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔን ያጠበችኝ፣ ወንድሞቼን የቀጣች፣ ከሰሉን የቈጠበች፣ ከትምህርት ቤት እየቀረች ወፍጮ ቤት የተሰለፈች እሷ ናት። እኔ ስለ እናቴ ጀብዱ ስጽፍ ደስ እያለኝ የምጽፈው የጀብዱው ሒሳብ በእኔ ላይ ስላልወጣ እንደሆነ እህቴ በግልጽ ነግራኛለች፤ መልስ የለኝም። የቀብሩን ወረቀት ያጻፈችውም እሷ ናት። «ለልጆቿ ስትል» የሚለውን ሐረግ ለምን እንደ ፈለገችው አሁን ይገባኛል፤ እናቷ የሄደችው ለእሷ ስትል ካልሆነ፣ ያ ሁሉ ከሰልና ወፍጮ ለምን እንደነበረ መግለጽ ያዳግታል።

አያት ስትሆን መንገዱ አጠረ፤ ጠባይዋ ግን ያው ነበር። ንግዱን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ባቡሩ ራሱ እያረጀ ከመንገድ መቅረት ሲያበዛ ተወችው። የልጅ ልጆቿ የሚያውቋት ከታይዋን ገበያ ጣፋጭ ደብቃ የምታመጣ፣ ስልክ ላይ የምትጮህ፣ በአሮጌዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ከፊት ካልሆነ የማትቀመጥ ሴት ሆና ነው። ለሐምሌ ገብርኤል የደንገጎን ዳገት በእግሯ እየወጣች ቁልቢ ትደርስ ነበር፤ ከስድሳ ዓመቷም በኋላ። አብረዋት የጀመሩት ወጣቶች መኪና ሲለምኑ እሷ ቀድማ ደርሳ ጥላ ይዛ ትጠብቃቸዋለች።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ሞላ። በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ሳይበረታ ከደጋው የወረደ ውኃ ስለነበር ብዙ ሰው እንደ ተኛ ነው የደረሰበት። እናቴ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ቤት ከሁለት የወንድሜ ልጆች ጋር ነበረች። በባቡር ያሳለፈቻቸው ሌሊቶች እንቅልፏን አቅልለውት ስለነበር ድምፁን ቀድማ ሰማች፤ «ፉርጎ የሚጎተት መሰለኝ፣ በዚያ በኩል ደግሞ ሐዲድ የለም» አለች ኋላ። ልጆቹን በሌሊት ልብሳቸው ይዛ ሽቅብ ወጣች። ንጋት ላይ ወንድሜ ሲያገኛት በአንድ የማታውቀው ሰው ግቢ ተቀምጣ ለልጆቹ የሚንጃርን ተረት ትነግራቸው ነበር፤ ቤቱ ግን እስከ መስኮቱ ጭቃ ሞልቶታል፣ ሣጥኗም ሄዷል። በሣጥኑ ውስጥ ከአባታችን የቀረችን ብቸኛ ፎቶ ነበረች። ስለ ሣጥኑ አንድ ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ቤቱን ከእኛ ጋር ጠረገች፣ ኖራ አስቀባች፣ ወደ ሌላ ሠፈር እንድትዛወር የለመናትንም ሁሉ እንቢ አለች። ይኼኛውን ግትርነቷን እኔም አልወደድኩላትም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ሰው ማጓጓዝ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ፣ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ለመሄድ በዚያው ካልሆነ ብላ አሻፈረኝ አለች። ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራትም። የልጅ ልጇ አብሯት ተጓዘ፤ የነገረኝም እሱ ነው። ጣቢያው ከከተማ መራቁ አልጣማትም፤ «ባቡር ጣቢያ ማለት እኮ ከተማው ራሱ ነበር» አለች። ፍጥነቱን ግን አደነቀች፤ እሷ ሌሊቱን ሙሉ የምትጓዘውን መንገድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰችው። በመንገዱ ያስቀየማት በየጣቢያው መስኮት ሥር እንቁላልና ሻይ የሚሸጥ ሰው ማጣቷ ነው። አዋሽ ሲደርሱ ልጁን ቀስቅሳ በመስኮት አሳየችው፤ አዲሱ መስመር በሌላ በኩል ስለሚያልፍ የድሮውን ድልድይ ፈልጋ አጣችው። ያም ሆኖ የምታውቃቸውን ስሞች ጠራች። ለቡ ሲወርዱ እህቴን አቅፋ ገና ሳትለቃት «የጅቡቲው በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀቻት።

ጅቡቲን እንደገና ለማየት አሰበች፤ ፓስፖርት አወጣች፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጥቶ ድንበሩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ላይ ታማ ሳትቆይ ዐረፈች።

ኤዶ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ የመጣችው ለአርባዋ ነው። ጅቡቲ ውስጥ አሊ ሳቢህ በምትባለው ከተማ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ በከዘራ ትሄዳለች፣ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። እህቴ ለእሷና አብረዋት ለመጡት ለብቻ አሳርዳ፣ ለብቻ አብስላ ጠበቀቻቸው። ሰው ከተበተነ በኋላ ኤዶ ሸርጧን ሰብስባ ተቀመጠችና ሒሳብ መተሳሰብ እንደምትፈልግ ነገረችን፤ የሞተ ሰው ዕዳ አይቆይም አለች። አንድ ብርድ ልብስ ላይ እናቴ ይገባታል፤ አንድ ጆንያ ሩዝ ላይ ደግሞ እሷ ይገባታል፤ ይህ ሁሉ የደርግ ዘመን ሒሳብ ነው። እየቆጠረች ሳለ ሳቅ አለች።

«ብሩ የተለወጠ ሰሞንማ፣» አለች፣ «ገበያ የለ፣ ሰው አሮጌውን ብር ይዞ ግራ የገባው ሰሞን፣ ባዶ እጇን ከባቡሩ ወረደች። ምን ይዘሽ መጣሽ ብላት፣ ዓይኔን አለችኝ። ምንም አልገዛችም፣ ምንም አልሸጠችም። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ዳር ትቀመጣለች፣ ማታ ዓሣ እንበላለን። ልጆቼ ዕቃዬን ይጠብቃሉ ስትለኝ፣ ፊናንስ ወሰደብኝ በያቸው አልኳት።»

እኔ እህቴን ለማየት አልደፈርኩም። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እህቴ የቡናውን ረከቦት ገፋ አድርጋ «ያኔ እኮ ይኼ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ነበር» አለች፤ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ሌሊቱን ሙሉ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ስትመጣ ደግሞ ዕቃው ተወሰደብኝ አለችን። ለዕቃው እኮ አልቅሼላታለሁ!»

«ነግራኛለች፣» አለች ኤዶ፤ «አንቺ ስታለቅሺ እሷም አብራሽ አለቀሰች። ደግሞ በሚቀጥለው ልትወስድሽ ፈልጋ ነበር፤ ድልድዩ ፈረሰ እንጂ።»

እህቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ የሩዙን ጆንያ ዋጋ በዛሬ ብር እናስላው ወይስ በዚያን ጊዜው ብላ ጠየቀቻት፤ በዚህም ላይ ሁለቱ እስከ ምሽት ሳይስማሙ ቆዩ።